«ናፍጣውን ክፈትለት» የሚላችሁን አትስሙ! የአሮጌ አይሱዙ ጉልበት የሚመለሰው በመለኪያ ነው



ዛሬ የምጽፈው ስለ ጤፍ ወይም ስለ ሽንብራ አይደለም፤ ስለ መኪና ሞተር ነው። «የግብርና ባለሙያ ስለ ሞተር ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ያገባኛል! ዘርታችሁ፣ አርማችሁ፣ አጭዳችሁ፣ ወቅታችሁ ስታበቁ ትርፉ የሚለየው መንገድ ላይ ነው። ከበቾ ሜዳ የተነሣው እህል በተፍኪና በሰበታ አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ ኪራዩ ትርፉን ከበላው የዓመቱ ልፋት ለማን ሆነ? ለዚህ ነው አራትም አምስትም ሆናችሁ፣ ብር አዋጥታችሁ፣ አንዳንዴም በሬ ሸጣችሁ ያገለገለ አይሱዙ የምትገዙት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ።

የማልደግፈው ከግዢው በኋላ የሚመጣውን ምክር ነው። መኪናው አርጅቷል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይንቀራፈፋል። ያኔ አንዱ ብድግ ይልና «ችግር የለም፣ ፖምፓውን ከፈት አድርጉለት፣ ናፍጣ ይጠጣ፣ እንደ አዲስ ይሆናል» ይላል። ሌላው «ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ እንግጠምለት» ይላል። ሦስተኛው «ፋሻ ብቻ ቀይረን እንዝጋው፣ በትንሽ ብር ያልቃል» ይላል። ሦስቱም ርካሽ ይመስላሉ፤ ሦስቱም ብራችሁን ይበሉታል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ በትንሽ ብር ጠንካራ ሞተር መሥራት ይቻላል። የሚቻለው ግን ሞተሩ በእርጅና ያጣውን ጉልበት በመመለስ ነው እንጂ ፋብሪካው ያልሰጠውን ጉልበት በመጨመር አይደለም። ይህን የለየ ሰው ብሩም መኪናውም ይተርፉለታል።

ጭስ ጉልበት አይደለም

ናፍጣ ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። 1 ሊትር ናፍጣ በደንብ እንዲቃጠል ወደ 12 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልገዋል። በባሕር ወለል ከፍታ ይህን አየር ባለ 200 ሊትር በርሜል ብትሰፍሩት 50 በርሜል ገደማ ይሆናል። ተጂ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ እዚህ አየሩ ሳስቷል። ለዚያችው 1 ሊትር ናፍጣ 60 በርሜል ገደማ አየር ያስፈልጋል። የሞተሩ ሲሊንደር ግን ደጋ ወጣሁ ብሎ አይሰፋም፤ የሚስበው ያንኑ ስፍር ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ምንም ሳይታመም፣ ደጋ ላይ በመሥራቱ ብቻ፣ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያጣል። ወደ ሱሉልታ ለመሄድ እንጦጦን ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል።

እንግዲህ አየሩ ባነሰበት ቦታ ናፍጣ ስትጨምሩለት ምን ይሆናል? የተረፈው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ከኋላ ያለው ሰው «ወይ ጉልበት!» ይላል። ኧረ ተዉ! የወጣው ያልነደደ ብራችሁ ነው።

በእርሻ እንየው። ኮትቻ መሬት ክረምት ላይ ውሃ ሲተኛበት ጤፉም ስንዴውም ይቢጫል። ውሃውን ሳታጠነፍፉ ዩሪያ ብትጨምሩበት ይለመልማል? አይለመልምም፤ ሥሩ አየር አጥቷል፣ ማዳበሪያው ይባክናል። መጀመሪያ ቦይ አውጥታችሁ ታጠነፍፋላችሁ፣ ከዚያ ማዳበሪያ ትሰጣላችሁ። ሞተርም እንደዚሁ ነው፦ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ናፍጣ።

ጉዳቱ በጭስ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያልተቃጠለው ናፍጣ የካሚቻውን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወደ ታች ወርዶ የሞተር ዘይቱን ያቀጥናል፣ ብሮንዚናውን ያስበላል። በቃጠሎው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከልክ አልፎ ፒስቶኑን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ናፍጣውንም አስሉት። በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ብቻ በከንቱ ቢጨምር፣ በወር 3,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና በወር 60 ሊትር፣ በዓመት 720 ሊትር ይሆናል። በዛሬው የናፍጣ ዋጋ አባዙትና ስንት ኩንታል ጤፍ እንደሆነ እዩት።

«እኔ ከፍቼለት ግን ተሻለው» የሚል አለ፤ አልክድም። ፖምፓው አርጅቶ ፋብሪካው ከወሰነለት ልክ በታች እየረጨ ከነበረ ይሻለዋል። ያ ግን በመፍቻና በግምት የሚሠራ አይደለም። ፖምፓው ወርዶ በፖምፓ መፈተሻ ማሽን ላይ ይታሰራል፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ድርሻ ይለካል፣ ወደ ልኩ ይመለሳል። የፋብሪካው ማኅተም ያለበትን ቡሎን መንገድ ዳር ሰብሮ መጠምዘዝ ሌላ ነገር ነው።

የአባቶቻችን መኪና በስንት ጉልበት ተራራ ወጣ?

ትልልቅ አባቶች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት የጣሊያን መኪና ፊያት 634 ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሲወጣ ከ8 ሊትር የሚበልጥ ሞተር ይዞ ጉልበቱ 75 ፈረስ ያህል ብቻ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው «ኤንትሬ»፣ ማለትም ፊያት 682፣ ባለ 6 ሲሊንደርና ወደ 10.7 ሊትር የሚጠጋ ሞተር ነበረው፤ ቱርቦ የሚባል ነገር አልነበረውም። እነዚህ መኪኖች ቀስ እያሉ፣ በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ የአገሪቱን ዳገት ወጥተዋል።

ዛሬ የምትነዱት አይሱዙ ኤንፒአር፣ 4ኤችጂ1 የሚባለው 4.6 ሊትር ሞተር ከሆነ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 120 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከትሬንታ ኳትሮ በብዙ ይበልጣል። የጎደላችሁ የፈረስ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። የጎደለው በፋሻው፣ በቫልቩ፣ በተዘጋው ፊልትሮና በተሳሳተው ታይሚንግ የፈሰሰው ነው።

ኤንትሬ ለአሥርት ዓመታት የኖረበት ምሥጢርም ተአምር አይደለም። ሲያረጅ ይወርዳል፣ ይለካል፣ የተበላው ይቀየራል፣ እንደገና ይገጠማል። ቴስታታ፣ ካሚቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ የምንላቸው የጋራዥ ቃላት ከጣሊያን ቋንቋ የመጡት ከእነዚያ መኪኖች ጋር ነው። ቃላቱን ይዘን የመለካቱን ልማድ ከጣልን ምን ዋጋ አለው?

ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት

መኪናው ጉልበት አነሰው ማለት ሞተሩ አለቀ ማለት አይደለም። ከርካሹ ጀምራችሁ ወደ ውዱ ሂዱ።

1. የአየር ፊልትሮውን አውጡና እዩ። የበጋ አቧራችንን ታውቁታላችሁ። ፊልትሮው ከታፈነ ሞተሩ ታፈነ። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው የጎማ ቱቦ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ አቧራው በቀጥታ ገብቶ ፋሻውን ይሞርደዋል።

2. የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ውሃ ካለበት አፍስሱ። በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ውስጥ ውሃና ደለል አይጠፋም።

3. አራቱንም ጎማ አንሥታችሁ በእጅ አሽከርክሩ። ፍሬን የያዘው ጎማ ካለ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ፍሬን ጋር ሲታገል ይውላል። ፍሪሲዮኑም ይታይ፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

4. የቫልቩ ክፍተትና የፖምፓው ታይሚንግ በማኑዋሉ ልክ ይስተካከል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

5. ጭሱን አንብቡ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ከሆነ ናፍጣው በደንብ አልተቃጠለም ወይም ውሃ እየገባ ነው።

6. በመጨረሻ የኮምፕሬሽን መለኪያ አስገቡ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚነደው አየሩ ተጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። መጭመቁ ከደከመ ጠዋት አልነሣም ይላል፣ ዳገት ላይ ይሞታል። አራቱም ሲሊንደር ተለክቶ ቁጥሩ በወረቀት ይጻፍ። ሞተሩ ይውረድ አይውረድ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው፤ የደላላ ጆሮ አይደለም።

ብዙ መኪና እስከ አራተኛው ድረስ ባለው ብቻ ይተነፍሳል። ያኔ የሞተር ማውረጃውን ብር ለጎማና ለፍሬን ታውሉታላችሁ።

መውረድ ካለበት ብሩን እንዲህ ደልድሉ

የመጀመሪያው ብር ለመለኪያና ለቶርኖ ቤት ይሁን። የካሚቻው መበላት ከላይም ከታችም ይለካ፤ ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ ከሆነ አዲስ ፋሻ ብትጨምሩበት አይዘጋም። «ፋሻ ብቻ» የሚለው ምክር የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ክብ ያልሆነ ጉድጓድ ውስጥ ክብ ፋሻ ብታስገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰማያዊው ጭስ ይመለሳል፣ የጋርኒሲዮኑም የዘይቱም የእጅ ዋጋውም ብር ሁለተኛ ይወጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ክራንክ ሻፍቱም ይለካ። ከተበላ ተሞርዶ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገባለታል። ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ አንዳንድ የአይሱዙ ክራንክ ሻፍቶች ላያቸው በልዩ መንገድ የጠነከረ ስለሆነ መሞረድ አይፈቀድላቸውም፤ ከተበሉ መቀየር ብቻ ነው። ማኑዋሉን ሳያይ «እንሞርደዋለን» የሚለውን አስቁሙት። ቴስታታው ደግሞ መጣመሙ በቀጥ ያለ ማስመሪያ፣ መሰንጠቁ በግፊት ይፈተሽ።

ሁለተኛው ብር አዲስ መሆን ላለባቸው ዕቃዎች ነው፦ ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮን፣ የዘይት መዝጊያ ጎማዎች፣ ፊልትሮዎች። እነዚህን ያገለገለ አትግዙ። የኢንጀክተሩ ጫፍም በማሽን ይፈተሽ፤ ውሃ እንደሚንጠባጠብ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ፒስቶን ይበሳል።

ሦስተኛው ብር ለማቀዝቀዣው ነው። ራዲያተሩ ይጠረግ፣ የውሃ ፖምፓው ይታይ። ቴርሞስታቱን ደግሞ አታስወጡ! «አገራችን ሞቃት ናት፣ አያስፈልግም» ይባላል። ውሸት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለሥራው የሚመቸው ሙቀት ላይ ቶሎ አይደርስም፤ ቀዝቅዞ እየሠራ ናፍጣ ይበላል፣ ካሚቻውንም ያስበላል። ከወንዝ የተቀዳ ውሃም ራዲያተር ውስጥ ዝገትና ደለል ይተዋል፤ የተዘጋጀውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግዙ።

ታዲያ የት እንቆጥብ? ቀለም፣ ጌጥ፣ መብራት፣ ጡሩምባ ይቆይ። የዲናሞ ቤት፣ ሞተሪኖ፣ የብረት ክዳኖችን ያገለገለ ብትገዙ ክፋት የለውም፤ ግን በደረሰኝ ግዙ። የማን መኪና እንደተፈታ የማይታወቅ ዕቃ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ያቆማችኋል። ካሚቻው ተለክቶ በልኩ ውስጥ ከሆነ አትቀይሩት፤ መለካት ብር የሚያስወጣውን ያህል ብር ያድናል። ዕቃ ማጠቡን፣ ቶርኖ ቤት ማመላለሱን ራሳችሁ ሥሩት። ሁለት ሦስት ማኅበር ሆናችሁ ዕቃውን አንድ ላይ ብትገዙ ደግሞ ዋጋ መከራከር ትችላላችሁ።

ሲገጠም የቴስታታው ቡሎን በቶርክ መፍቻ፣ በተራው፣ በማኑዋሉ ልክ ይጥበቅ። «እጄ ያውቀዋል» አይሠራም። ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር በቀላል ጭነት ንዱት፣ ከዚያ ዘይቱን ለውጡ። አዲስ የተገራን ወይፈን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥማድ አታውሉትም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ቱርቦና ትልቅ ሞተር

ቱርቦ መጥፎ ነገር ነው አልልም። አየር እየገፋ ስለሚያስገባ ለደጋ አገር ይስማማል። ነገር ግን ፋብሪካ ቱርቦ ያለው ሞተር ሲሠራ ቱርቦዋን ብቻ አንጠልጥሎ አይተዋትም፤ ለሚጨምረው ሙቀትና ግፊት የሚሆን ፒስቶን፣ የዘይት መስመር፣ ማቀዝቀዣና ፖምፓ አብሮ ያዘጋጃል። እናንተ ከመርካቶ ቱርቦዋን ብቻ አምጥታችሁ በድሮው ሞተር ላይ ብትጭኑ ለአህያ የበሬ ቀንበር መጫን ነው። ያገለገለ ቱርቦ ዘይት መጣል ከጀመረ ደግሞ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየሳበ ሊነድ፣ ቁልፍ ብታጠፉም አልቆም ሊል ይችላል። ቱርቦ ከፈለጋችሁ ቆጥባችሁ ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የወጣ መኪና ግዙ።

ትልቅ ሞተር መቀየርም ብዙ ያስከትላል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈ ነው፤ ስትቀይሩ ማስመዝገብ አለባችሁ። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ ለአሮጌው ሞተር ልክ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱን ስታጠነክሩ ቀጣዩ ይሰበራል። በትንሽ ብር የተጀመረው ሥራ መጨረሻው አይታወቅም።

ጉልበት ፍሬን አይሆንም

አሁን ዋናውን ልናገር። ብዙዎቻችሁ ጉልበት የምትፈልጉት ከልክ በላይ ለመጫን ነው። በሊብሬው 35 ኩንታል የተጻፈበት መኪና 50 እንዲሸከም ነው «ክፈትለት» የሚባለው። ሞተሩ ቢችልስ? ፍሬኑ ያው የ35 ነው። ባሌስትራው ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው።

እኛ ያለንበት የጅማ መንገድ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የፈረስ ጉልበት ማንንም አላዳነም። የሚያድነው ከባድ ማርሽ፣ ያልጋለ ፍሬን፣ ልኩን የጠበቀ ጭነት ነው። ፍጥነቱን አይቶ ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ልጃችሁ ነው፤ ረዳቱ የጎረቤታችሁ ልጅ ነው። 15 ኩንታል ተጨማሪ እህል የእነሱን ነፍስ ያወጣል ወይ? ራሳችሁ መልሱ።

ስለዚህ ፍሬኑ፣ ጎማውና መሪው ሳይስተካከሉ ለሞተር ጉልበት አንዲት ብር አታውጡ።

ጋራዥ ስትሄዱ

ሁሉም መካኒክ አጥፊ ነው አላልኩም። መለኪያውን ከእጁ የማይለይ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ሞልቷል። እሱን ግን እናንተ ራሳችሁ ታበላሹታላችሁ፦ «ነገ ጭነት አለኝ፣ ዛሬውኑ ዝጋልኝ» ትሉታላችሁ። ለመለካት ሁለት ቀን ሲጠይቃችሁ «እዚያ ማዶ ያለው በግማሽ ቀን ይሠራዋል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ግማሽ ቀን የሚዘጋውን እያበለጸጋችሁ ስለ ጥራት አታማርሩ።

ከእንግዲህ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «ስንት ለካህ?» በሉት፤ ቁጥሩን በወረቀት ይስጣችሁ። ሁለተኛ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ ተቀበሉ፤ ፋሻም ሆነ ብሮንዚና ይታያችሁ። ሦስተኛ፣ የማኅበሩ አባላት በሙሉ ሳያውቁ ማንም ሹፌር ፖምፓውን እንዳያስነካ በቃለ ጉባኤ ጻፉት። ብሩ የጋራ ነው፤ ቡሎኑም የጋራ ይሁን።

መልካም ሥራ! አይሱዙ ለመግዛት ብር እያዋጣ ያለ ጎረቤት ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አሁኑኑ ላኩለት፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት።